ልጅዎ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት እንዲዛወር ሲጠየቁ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወላጆች

የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ስድስት ሰባት ሰው ተቀምጧል። እያንዳንዱ ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገራል፤ ወረቀት ይገለበጣል፤ ቁጥር ይጠራል። በመጨረሻም ቡድኑ ለልጅዎ የሚሻለው አንድ አነስተኛ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ነው ብሎ እንደሚያምን ይነገርዎታል። ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ የመጣ ወላጅ በዚህ ሰዓት የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «እሺ፣ እናንተ ታውቃላችሁ» ብሎ ይፈርማል፣ ወይ «ልጄን ከሰው ልትለዩት ነው» ብሎ ተቆጥቶ ይወጣል። ሁለቱም የችኮላ መልሶች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ለልጅዎ ትልቅ እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ ጭራሽ የማያስፈልገው ቦታም ሊሆን ይችላል። ይህ የሚለየው ደግሞ ከቦታው በፊት የሚጻፈውን ዕቅድ መስመር በመስመር ሲያነቡ ነው።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ናቸው፤ አይከፈልባቸውም። በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ ስቲቨን ኖልስና ሎንግቪው፣ በቨርጂኒያ ፌርፋክስ ካውንቲ ኪ ሴንተርና ኪልመር ሴንተር የዚህ ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ከመደበኛ ትምህርት ቤት ጋር ጎን ለጎን የተሠሩ ናቸው፤ ጀርመንታውን ያለው ሎንግቪው ከማትሱናጋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋር ተያይዞ ይገኛል። በክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ጥቂት ናቸው፤ ኒውዮርክ ላይ ወረቀቱ «6፡1፡1» ካለ ስድስት ተማሪ፣ አንድ መምህር፣ አንድ ረዳት ማለት ነው። ነርስና የንግግር ሕክምና ባለሙያ እዚያው ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። በአንጻሩ ልጁ ከሰፈሩ ልጆች ይርቃል፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሲጫወት አይቶ የሚኮርጀው እኩያ ያጣል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የልዩ ትምህርት ፌዴራል ሕጉ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጥቶ በ1990 አሁን በሚጠራበት «አይዲኢኤ» በሚለው ስም ተሰየመ። አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከ3 ዓመቱ እስከ 21 ዓመቱ ለእሱ የሚስማማ ትምህርት በነፃ የማግኘት መብት አለው። ሕጉ ልጁ በተቻለ መጠን ጉዳት ከሌለባቸው ልጆች ጋር እንዲማርም ያዛል፤ ሊለይ የሚችለው በመደበኛ ክፍል ውስጥ ተጨማሪ ድጋፍ ተሰጥቶትም ትምህርቱ በአግባቡ ካልሄደ ብቻ ነው። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ የሚያሳስብዎት ከሆነ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ልጆች በኢሚግሬሽን ሁኔታቸው ምክንያት ከመንግሥት ትምህርት ቤት ሊከለከሉ አይችሉም።

አንድ፦ ምርመራው የእርስዎን ልጅ ይምሰል

ምርመራ ሲጠይቁ በቃል ብቻ አይጠይቁ። ሁለት መስመር ኢሜይል ይበቃል፤ «ልጄ ለልዩ ትምህርት አገልግሎት እንዲመረመር እጠይቃለሁ» ብለው ቀን ይጻፉበት። ቀኑ የሚያስፈልገው የጊዜ ገደብ ስለሚቆጠር ነው። ፌዴራል ሕጉ ወላጅ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ይሰጣል፤ ክፍለ ግዛቶች ግን የራሳቸውን ሊያወጡ ይችላሉ። ሜሪላንድ ከፈቃዱ ከ60 ቀን፣ ከጥያቄው ደግሞ ከ90 ቀን እንዳያልፍ ታዛለች። ቨርጂኒያ ጥያቄው ለሚመለከተው ኃላፊ ከደረሰበት ጀምሮ 65 የሥራ ቀን ትቆጥራለች፤ ይህም በተግባር ከሦስት ወር በላይ ነው። ልጁ ብቁ ነው ከተባለ ዕቅዱን የሚጽፈው ስብሰባ በ30 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። መርማሪዋ ቀይ ካርድ አንስታ «ይህ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፤ ልጁ ዝም ይላል፤ ዜሮ ይጻፋል። ቤት ሲገባ ግን ቀይ መኪናውን ከአልጋ ሥር እየጎተተ «ቀይ! ቀይ!» ይላል። ሕጉ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲመረመር ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛ ባለማወቁ ብቻ ጉዳት አለበት ሊባልም አይችልም። ስለዚህ «በአማርኛስ ጠይቃችሁታል? ማን ጠየቀው? በስንት ቃል?» ብለው ይጠይቁ። ልጅዎ ቤት ውስጥ የሚናገረውንና የሚያደርገውን በስልክዎ ቀርጸው ይዘው ይሂዱ።

አስተዳደጋችንም ወረቀቱ ላይ ሌላ ስም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን የሚደፋው ልጅ «ዓይን ለዓይን አያይም» ተብሎ ይጻፍበታል። አክስቶቹ በጉርሻ ያሳደጉት ልጅ «ራሱን ችሎ አይበላም» ይባላል፤ ያገኘውን ሰው ሁሉ ጉንጭ የሚስመው ደግሞ «የሰው ክልል አይጠብቅም»። አንዳንዱ እውነትም የጉዳቱ ምልክት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የትኛው ከባህል፣ የትኛው ከልጁ እንደመጣ ለይቶ መናገር የሚችለው እርስዎ ነዎት፤ መርማሪዋ በሁለት ቀጠሮ ልታውቀው አትችልም።

«ቤት ውስጥ አማርኛውን ተዉትና እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚልዎት ሰው ካለ አይስሙት። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም ያለበትን ወይም ንግግሩ የዘገየን ልጅ ይጎዳል የሚል አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ወላጅ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያወራ ግን ልጁ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ወሬ ራሱ ይቀንሳል።

ሁለት፦ አስተርጓሚ፣ ረቂቅና ከጎንዎ የሚቀመጥ ሰው

ትምህርት ቤቱ እርስዎ የሚባለውን እንዲረዱ ማድረግ ግዴታው ነው፤ አስተርጓሚ ማቅረብም የዚሁ አካል ነው። እንግሊዝኛዎ ለሥራ ቢበቃም ለዚህ ስብሰባ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ከሚሸፍናቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የሞንጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚልኩትን ብዙ መረጃ በአማርኛ ያወጣሉ። በሜሪላንድ በትምህርት ሥርዓቱ ከ1 በመቶ በላይ ተማሪዎች የሚናገሩት ቋንቋ ከሆነ፣ የተጠናቀቀው ዕቅድ በ30 ቀን ውስጥ ተተርጉሞ እንዲሰጥዎ መጠየቅ ይችላሉ። ታላቅ ወንድሙን ወይም እህቱን በፍጹም አስተርጓሚ አያድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ወንድሙ የተባለውን ክፉ ነገር አለሳልሶ ይነግርዎታል፤ ወይም ሁሉንም ተሸክሞት ይኖራል።

ረቂቁ ከስብሰባው በፊት እንዲላክልዎ ያድርጉ። በሜሪላንድ በስብሰባው ላይ የሚታዩት ሰነዶች ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ለወላጅ መድረስ አለባቸው። ሌላ ቦታም ቢሆን ይጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ ይሰጣሉ።

ልጁን ወይም ጉዳዩን የሚያውቅ ማንንም ሰው ይዞ መግባት መብትዎ ነው፤ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ወዳጅ፣ ይህን መንገድ ያለፈ ሌላ ወላጅ። የሰውዬው ሥራ መጻፍ ብቻ ቢሆንም ይበቃል። ወረቀት ይዞ የሚጽፍ ሰው ሲኖር የስብሰባው አነጋገር ራሱ ይለወጣል።

ሦስት፦ ዕቅዱን ያንብቡ፤ ትምህርት ቤቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ

ሁላችንም «አይኢፒ» የምንለው የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ ሦስት ነገር ላይ ይቆማል፤ ልጁ ዛሬ የት ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የት ይደርሳል፣ ለዚያ ምን ይሰጠዋል። «ልጁ ተግባቦቱን ያሻሽላል» የሚል ግብ ካዩ ይመልሱት፤ ዓመቱ ሲያልቅ መድረሱን አለመድረሱን ማንም ሊነግርዎ አይችልም። «ውሃ ወይም መጸዳጃ ቤት ሲፈልግ፣ ከአምስት ጊዜ በአራቱ፣ ሰው ሳያስታውሰው ሥዕሉን ጠቁሞ ያሳውቃል» የሚል ግብ ግን ቤትዎ ቁጭ ብለው የሚቆጥሩት ነው። አገልግሎቱም በደቂቃ ይጻፍ፤ የንግግር ሕክምና በሳምንት ስንት ደቂቃ፣ ለብቻው ነው በቡድን፣ ክፍል ውስጥ ነው ውጭ፣ ማን ይሰጠዋል።

ከዚህ በኋላ ብቻ ይህን ይጠይቁ፦ «እነዚህ ግቦች አሁን ባለበት ትምህርት ቤት ለምን አይደረሱም? ምን ሞከራችሁ? ረዳት መድባችሁለት ነበር? ለምን ያህል ጊዜ?» ጥሩ ቡድን ለዚህ መልስ አለው፤ ማስታወሻ አውጥቶ ያሳይዎታል። «እዚያ ቦታ ስላለ ነው» ወይም «ረዳት የለንም» ከተባሉ ግን መልሱ ስለ በጀት እንጂ ስለ ልጅዎ አይደለም።

በዚሁ ስብሰባ በአንድ ሳጥን ምልክት የሚታለፍ ትልቅ ጉዳይ አለ። ልጁ መደበኛውን የክፍለ ግዛት ፈተና ነው የሚፈተነው ወይስ «አማራጭ ምዘና» የሚባለውን? አማራጩ የታሰበው እጅግ ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ጥቂት ልጆች ነው፤ ፌዴራል ሕግ በክፍለ ግዛት ደረጃ ከተፈታኞች 1 በመቶ ላይ ገድቦታል። በብዙ ቦታ ይህ መስመር የሚያደርሰው ወደ መደበኛ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ሳይሆን ወደ ማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ላይ የተደረገ ምልክት በ18 ዓመቱ ኮሌጅ በር ላይ ይጠብቀዋል። ትምህርት ቤቱ ይህን አስቀድሞ እንዲያስረዳዎ ሕጉ ያዛል። ሜሪላንድ ውስጥ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድም ይጠየቃል፤ ግን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጡ ቡድኑ ሊቀጥል ይችላል። ከፖስታ ሳጥንዎ የወጣ ያልተከፈተ ፖስታ ካለ ዛሬውኑ ይክፈቱት።

አራት፦ ሄደው ይዩ

ሳያዩ አይስማሙ። ጉብኝቱን ከምሳ ሰዓት ጋር ያገጣጥሙት፤ ጠዋት ጠዋት ሁሉም ክፍል ያምራል። ምሳ ላይ የማይናገሩ ልጆች ተጨማሪ ምግብ እንዴት እንደሚጠይቁ ይመልከቱ። የመናገሪያ ታብሌቱ ልጁ እጅ ላይ ነው ወይስ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ? ረዳቶቹ በልጆቹ ፊት ስለ ልጆቹ ያወራሉ ወይስ ከልጆቹ ጋር? አንድ ልጅ ሲጮህ ማን ይንቀሳቀሳል፣ በምን ፍጥነት፣ በምን ድምፅ? ከዚህ የሚያገኙት ከየትኛውም የማስተዋወቂያ ወረቀት ይበልጣል።

መጸዳጃ ቤቱን ይዩ፤ ትልቅ ልጅ ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታ መጋረጃ ወይም በር እንዳለው ያረጋግጡ። «ማረጋጊያ ክፍል» የሚሉት ካለ በሩን ከፍተው ይግቡ፤ ከውጭ ይቆለፋል ወይ ብለው ይጠይቁ። ልጅ በእጅ ተይዞ የሚገታበት ጊዜ አለ ወይ፣ ከሆነስ በዚያው ቀን ለወላጅ ይነገራል ወይ? ጥያቄው ያሳፍራል ብለው አይተዉት፤ መናገር የማይችል ልጅ ቤት መጥቶ አይነግርዎትም።

የመምህራኑንም ነገር በግልጽ ይጠይቁ። የክፍሉ መምህር የልዩ ትምህርት ፈቃድ አላት ወይስ ጊዜያዊ ተተኪ ናት? የንግግር ሕክምና ባለሙያው ሙሉ ሳምንት አለ? በክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ዕድሜና ችሎታ ከልጅዎ ጋር ይቀራረባል? መናገር የጀመረ ልጅ ማንም በማይናገርበት ክፍል ውስጥ ቢገባ ከማን ጋር ያወራል? ከመደበኛ ተማሪዎች ጋር በሳምንት ስንት ሰዓት ይገናኛል? «አንዳንዴ» ካሉ «መቼ፣ የት?» ይበሉ።

አምስት፦ መፈረምና አለመፈረም

እዚያው ላይ እንዲፈርሙ ቢጠየቁ «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር የለበትም። ለመጀመሪያው ምርመራና አገልግሎቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጀመር የእርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቱ ለውጡን በጽሑፍ አሳውቆ ሊቀጥል ይችላል፤ ዝም ካሉ እንደተስማሙ ያህል ነው። በቨርጂኒያ ለዕቅድ ለውጥም የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል። ካልተስማሙ ከማን ጋር እንደማይስማሙ ሳይሆን በምን እንደማይስማሙ ይጻፉ፤ ግቦቹን ተቀብለው ቦታውን ብቻ መቃወም ይቻላል።

ክርክሩ ካልተፈታ በነፃ የሚሰጥ ሽምግልና አለ። ለክፍለ ግዛቱ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ጥፋቱ ከተፈጸመ አንድ ዓመት ሳያልፍ መሆን አለበት። «ዱ ፕሮሰስ» የሚሉትን መደበኛ ክስ ለውጡ ከመጀመሩ በፊት ካቀረቡ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ልጁ ባለበት ይቆያል። በምርመራው ካልተስማሙም በትምህርት ቤቱ ወጪ ገለልተኛ ባለሙያ እንዲመረምረው መጠየቅ ይችላሉ። በየክፍለ ግዛቱ ለእነዚህ ወላጆች በነፃ ምክር የሚሰጥ የወላጆች ማዕከል አለ፤ ከጠበቃ በፊት እዚያ ይደውሉ።

አገር ቤት መምህርን መከራከር ድፍረት ተደርጎ ይታያል፤ አክብሮቱን እኔም እወደዋለሁ። እዚህ ግን ወላጅ የቡድኑ አባል ተብሎ ሕግ ላይ ተጽፏል፤ አለመስማማት መዝገብ ላይ ይሰፍራል እንጂ ልጁ ላይ ቂም አይያዝበትም። ተይዞበት ካዩም እሱ ራሱ የሚከሰስ ጥፋት ነው።

ስድስት፦ ከገባ በኋላ

አውቶቡሱ በዕቅዱ ውስጥ ከተጻፈ በነፃ ነው። ልጁን ቤት በር ላይ የሚቀበል አዋቂ ሰው ከሌለ ግን ሹፌሩ ልጁን ይዞት ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ፈረቃዎ ሲገለበጥ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎችን ስም አስቀድመው ያስመዝግቡ። የሚጥል በሽታ ካለበት አውቶቡሱ ውስጥ ማን ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ይኑር። ጉዞው ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅም ይጠይቁ፤ ሕፃን ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ትምህርቱን የሚጀምረው ደክሞት ነው።

ለመምህሯ አንድ ገጽ ይጻፉ። ሲያመው ጆሮውን እንደሚመታ፣ ሲፈራ ምን እንደሚያረጋጋው፣ በቤት የሚጠራበት ስም፣ የማይበላው ነገር። የጾም ቤት ከሆነና ወተትና አይብ የማይሰጠው ወቅት ካለ ቀኖቹን ይጻፉ፤ ሙስሊም ከሆኑ የአሳማ ሥጋውን። እንጀራ በእጁ መብላቱ የባህል መሆኑን፣ የገና በዓል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 7 በመሆኑ እንደሚቀር ያመልክቱ።

የመናገሪያ ታብሌት የሚጠቀም ከሆነ ዝርዝሩን ከፍተው ይዩት። ፒዛ አለ፣ ሃምበርገር አለ፣ ማካሮኒ በአይብ አለ፤ እንጀራ ግን የለም፤ «እማዬ» የለም፤ «በቃኝ» የለም። ባለሙያዋን ቢጠይቋት የእንጀራውን ፎቶ ታስገባለች፤ ቃሉንም በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ በእርስዎ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ልጁ ማዕድ ላይ ቁልፉን ሲጫን የሚሰማው የእናቱን ድምፅ ነው። ብዙ ወላጅ ይህን መጠየቅ እንደሚቻል አያውቅም።

ትምህርት ቤቱ ከሜዲኬይድ ክፍያ እንዲጠይቅ ፈቃድዎን የሚጠይቅ ወረቀት ይመጣልዎታል። ባይፈርሙም የልጁ አገልግሎት አይቀነስም። የክረምት ትምህርትን በተመለከተ በረጅም ዕረፍት የተማረውን የሚረሳ ልጅ ካለዎት ጉዳዩን ሰኔ ሳይደርስ፣ በጥር በየካቲት ያንሱት።

ስለ ሰው ወሬ አንድ ነገር ልበል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ቤት ውስጥ ይደብቅ ነበር። ያ መደበቅ እዚህም ተሻግሮ መጥቷል፤ ቢጫዋ ትንሽ አውቶቡስ በር ላይ ስትቆም ጎረቤት እንዳያይ መጋረጃ የሚስቡ አሉ። ልጁ ግን ሁሉንም ያያል።

ሰባት፦ በየዓመቱ እንደ አዲስ

ይህ ቦታ የዕድሜ ልክ ውሳኔ አይደለም። ዕቅዱ ቢያንስ በየዓመቱ ይታያል፤ ሙሉ ምርመራ ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ ይደረጋል፤ በመካከልም በማንኛውም ጊዜ ስብሰባ መጥራት ይችላሉ። የእድገት ሪፖርት ሲመጣ «በመሻሻል ላይ» የሚለውን ቃል አልፈው ቁጥሩን ይፈልጉ። ያለፈው ዓመት ግብ ቃል በቃል ተገልብጦ ከመጣ ምክንያቱን ይጠይቁ፤ ወይ ግቡ፣ ወይ ትምህርቱ፣ ወይ ቦታው ልጁን አልገጠመውም ማለት ነው። ደህና ከሄደ ደግሞ «መደበኛ ክፍል ውስጥ በቀን ስንት ሰዓት እንሞክር?» የሚለውን እርስዎ ያንሱት፤ ሌላ ሰው ላያነሳው ይችላል።

ትምህርት ቤቱ አንደኛ ደረጃ ብቻ ከሆነ በብዙ ቦታ 5ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ቀጥሎ የት እንደሚሄድ በ4ኛ ክፍል ስብሰባ ላይ ይጠይቁና የሚሄድበትን ቦታም እንዲሁ በምሳ ሰዓት ሄደው ይዩ። እርስዎ ይህን መንገድ ካለፉት ደግሞ፣ በቅርቡ የተጠራ ሌላ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ካወቁ የስብሰባውን ቀን ጠይቀው አብረው ይግቡ፤ ሕጉ ይፈቅድልዎታል፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይያዙ።